«አባዬ፣ ማስረጃህ ምንድን ነው?»

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የ53 ዓመት ሰው ነኝ። የምኖረው ደሴ ነው። በሒሳብ ሠራተኝነት ነው የምተዳደረው። ከባለቤቴ ጋር ሦስት ልጆች አፍርተናል። የምጽፍላችሁ ስለ ትልቋ ነው። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ። ልጄ ስለሆነች አይደለም፣ ጎበዝ ናት።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ወር በፊት እራት ላይ ነው። ትንሹ ልጄ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ እንደጨረሰ እሷ ፈገግ አለች። «ምን ያስቅሻል?» አልኳት። «አባዬ፣ እግዚአብሔር ለመኖሩ ማስረጃህ ምንድን ነው?» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ «ታዲያ ይኼ ሁሉ ፍጥረት ከየት መጣ?» አልኩ። «ሁሉን የፈጠረ ካለ እሱንስ ማን ፈጠረው?» አለች። «እሱ አይፈጠርም» አልኳት። «ሳይፈጠሩ መኖር ከተቻለ ዓለምስ ለምን ሳትፈጠር አትኖርም?» ስትለኝ ዝም አልኩ። እሷ ግን ቀጠለች። «አንተ ያመንከው አያቴ ስላመነች ነው። ጎረቤታችን ቤት ብትወለድ ኖሮ ይኼኔ መስጊድ ነበርክ።»

ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። «ዝም በይ! በዚህ ቤት እንዲህ አይወራም!» ብዬ ጮህኩባት። ሳህኗን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። እሁድ አብራን ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። የሚገርመው ጾም ሲሆን የፍስክ አትቀምስም። ለእናቷ ብላ ይሁን አላውቅም።

ባለቤቴ ነገሩን በሌላ መንገድ ነው የምታየው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ሸሽተን ደብረ ብርሃን ሰነበትን። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። በሽሽቱ መሐል መድኃኒቷ ተቋረጠ። እዚያው አረፈች፤ የቀበርናትም እዚያው ነው። ልጄ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። ከአያቷ ጋር ነበር የምትተኛው። ባለቤቴ «ይኼ ጥያቄ አይደለም፣ ሐዘን ነው። ጠበል እንውሰዳት፣ ይለቃታል» ትላለች።

እኔ ደግሞ ማታ ማታ በስልኬ ማስረጃ ፍለጋ ገባሁ። ማስረጃውን ሳገኝ ማፍረሻውንም አብሬ አገኘሁት። አንዱን ሳነብ ልክ ነው እላለሁ። መልሱን ሳነብ እሱም ልክ ይመስለኛል። እውነቱን ልንገራችሁና አሁን እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። በልጅነቴ ድቁና ተቀብያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሌሊት እየተነሳሁ «ባይኖርስ?» ማለት ጀምሬያለሁ። ይህን ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም አልተነፈስኩም።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ። ልትመልሰው የማትችል፣ አፍ የምታስይዝ አንዲት ሎጂካዊ ማስረጃ ስጡኝ።

አባቷ፣ ከደሴ

መልስ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አፍ የምታስይዝ ማስረጃ ጠይቀውኛል። አልሰጥዎትም። ንፉግ ሆኜ አይደለም፤ ስለሌለኝ ነው። እኔ ብቻ ሳልሆን ማንም የለውም። ሊቃውንት ከአርስጣጣሊስ ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ከ2,300 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ተቃዋሚውን ሁሉ ዝም ያሰኘ ክርክር እስካሁን አልተገኘም። «የለም» የሚለውም ወገን እንዲሁ ነው፤ እሱም ማንንም ዝም አላሰኘም። ይህ ግን ለማመን ጥሩ ምክንያት የለም ማለት አይደለም። በጣም ጥሩ ምክንያቶች አሉ። ልጅዎ ባነሳቻቸው ጥያቄዎች በኩል እናያቸዋለን።

በመጀመሪያ ግን ስለዚያች ጠረጴዛ ትንሽ እናውራ። ልጅዎ ይህን ነገር ለጓደኞቿ ብቻ ልታወራው ትችል ነበር። በስልኳ ለማታውቀው ሰው ልትጽፈው ትችል ነበር። ያመጣችው ግን ለእርስዎ ነው፤ ያውም ማዕድ ላይ። ፈገግታዋ ንቀት መስሎ ታይቶዎት ይሆናል። በዚያ ዕድሜ ሲፈራ የሚስቅ ብዙ ነው። በጡጫ ሲመልሱላት ምን የተረዳች ይመስልዎታል? «እግዚአብሔር አለ» ብላ የተረዳች አይመስለኝም። «አባዬ መልስ የለውም» ብላ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ በይቅርታ ይጀምሩ። ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። ብቻዋን ስትሆን ጠብቀው «ያን ማታ ጠረጴዛ የመታሁት ጥያቄሽ መጥፎ ሆኖ አይደለም። መልሱ ስላልመጣልኝ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ» ይበሏት። እዚያው ላይ ያቁሙ። «ግን አንቺም እኮ...» የሚል ነገር ምላስዎ ላይ ከመጣ ይዋጡት። በእኛ አገር አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ብዙም አልተለመደም። ስለዚህ ትደነግጥ ይሆናል፤ ምንም ላትመልስም ትችላለች። አይክፋዎት።

አሁን ወደ ጥያቄዋ እንምጣ። «እሱንስ ማን ፈጠረው?» የስንቱን አፍ ያስያዘ ጥያቄ ነው። የሚያፈርሰው ግን «ሁሉ ነገር ፈጣሪ አለው» የሚለውን አባባል ብቻ ነው። የቆየው ክርክር እንዲህ አይልም። ሊኖርም ላይኖርም ይችል የነበረ ነገር ሁሉ መኖሩን ያገኘው ከሌላ ነው፤ የሚለው ይህን ነው። እርስዎም እኔም ሳንወለድ ልንቀር እንችል ነበር። የጦሳ ተራራም ላይኖር ይችል ነበር።

የሒሳብ ሰው ነዎትና በብድር እንየው። መቶ ብር አበድረኝ አሉኝ እንበል። እኔ የለኝም፤ ከጎረቤቴ ልበደርልዎ ሄድኩ። ጎረቤቴም የለውም፤ ወደ ወንድሙ ሄደ። ወንድሙም ወደ አማቹ። ሰልፉ የፈለገውን ያህል ቢረዝም፣ ሁሉም ተበዳሪ ብቻ ከሆነ ያቺ መቶ ብር እርስዎ እጅ አትገባም። ከገባች ግን የሆነ ቦታ ላይ ከማንም ያልተበደረ፣ የራሱ ገንዘብ ያለው ሰው ተገኝቷል ማለት ነው። እሱን «አንተስ ከማን ተበደርክ?» ማለት ነገሩን መሳት ነው። ክርክሩ የሚፈልገው መኖርን ከማንም ያልተበደረውን ነው። እርስዎ በድቁናዎ «ያለና የሚኖር» ሲባል የሰሙት ማለት ነው።

ይህን ክርክር በጥንቃቄ ያበጀው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፈው ኢብን ሲና ነው፤ የፋርስ ሐኪምና ፈላስፋ፣ ሙስሊም። ከእሱ በኋላ የመጣው ሌላው ሙስሊም ሊቅ አል ጋዛሊ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። መጀመሪያ ያለው ነገር ሁሉ ያስጀመረው አለ፤ ዓለምም መጀመሪያ አላት፤ ስለዚህ ያስጀመራት አለ ብሎ ተከራከረ። አይሁዳዊው ማይሞኒደስም በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ ካቶሊኩ ቶማስ አኩዊናስም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ መስክ ነው የደከሙት።

እነዚህን ስሞች የደረደርኩት ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። «ጎረቤታችን ቤት ብትወለድ መስጊድ ነበርክ» ያለችዎት ነገር እዚህ ላይ ግማሽ መልስ ስለሚያገኝ ነው። እንዴ፣ ልክ ናት እኮ! ምናልባት መስጊድ ነበሩ። በአንድ የዘር ሐረግ ክርስቲያንም ሙስሊምም ዘመድ ያለው ሰው በሞላበት ወሎ ተቀምጦ ይህን መካድ አይቻልም። ግን መስጊድ የሚሄዱት ጎረቤትዎም «ፈጣሪ አለ» ነው የሚሉት፤ ክርክሩም የጋራችሁ ነው። ደግሞ አንድን ነገር ከማን እንደሰማነው ማወቅ እውነት ይሁን ውሸት አይነግረንም። እሷም ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር መጀመሪያ ያመነችው መምህሯን ሰምታ ነው። መስማቷ ነገሩን ሐሰት አላደረገውም። ቀሪው ግማሽ፣ ማለትም የትኛው ሃይማኖት የሚለው፣ ሌላ ትልቅ ጥያቄ ነው። በአንድ ምሽት ሁለቱንም ላንሳ ካሉ አንዱም አይያዝልዎትም።

ከጥያቄዎቿ ሁሉ የሚከብደው «ዓለምስ ለምን ሳትፈጠር አትኖርም?» ያለችው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል ከካቶሊኩ ቄስ ከፍሬድሪክ ኮፕልስተን ጋር በቢቢሲ ሬድዮ ገጥሞ ነበር። ራስል የተናገረው ልጅዎ ያለችውን ነው፤ ዓለም እንዲያው አለች፣ በቃ። ኮፕልስተን በውስጧ ያለው ሁሉ ራሱን ያልቻለ ሆኖ ሳለ ድምሩ እንዴት ራሱን ይችላል ብሎ ሞገተ። ራስልም እያንዳንዱ ሰው እናት አለው፤ የሰው ዘር በጠቅላላው ግን እናት የለውም ብሎ መለሰለት። ይህን ለልጅዎ ይንገሯት። የ12ኛ ክፍል ተማሪ በራሷ አስባ ራስል የቆመበት ቦታ መድረሷን ስትሰማ ደስ ይላታል። ደስ ሊላትም ይገባል።

እኔን ከጠየቁኝ ሚዛኔ ወደ ኮፕልስተን ያደላል። ተበዳሪዎችን ብንደምራቸው የዕዳው ድምር ያድጋል እንጂ ባለገንዘብ አይወጣቸውም። ይህ ግን የእኔ ሚዛን ነው። ራስል ሞኝ አልነበረም፤ ልጅዎም አይደለችም።

ከሳይንስ ተማሪ ጋር ሲነጋገሩ አንድ ነገር እንዳያጓጓዎት። ዓለም ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እጅግ ከታመቀና ከጋለ ሁኔታ ተነስታ መስፋት ጀመረች የሚለውን ፊዚክስ ይዘው «ይኸው ማስረጃ!» ማለት ይመጣብዎት ይሆናል። ለዚህ ሐሳብ መሠረት ከጣሉት አንዱ ጆርጅ ለሜትር የሚባሉ ቤልጅጋዊ የፊዚክስ ሊቅ ናቸው። የካቶሊክ ቄስም ነበሩ። ዓለም እየሰፋች መሆኗን እ.ኤ.አ. በ1927 ጻፉ። ሁሉም ከአንድ ጥንታዊ አቶም ተነሳ የሚለውን በ1931 አቀረቡ። በ1951 የሮማው ፖፕ ፒዮስ 12ኛ ሳይንሱ ለፍጥረት እንደሚመሰክር አድርገው ሲናገሩ ቄሱ ደስ አላላቸውም። ንድፈ ሐሳባቸውን ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ አድርገው ነበር የሚያዩት። ቄስ ሆነው እንዲህ ከተጠነቀቁ እኛም ብንጠነቀቅ ይሻላል። ሳይንስ ነገ ይሻሻላል። እምነትን እዚያ ላይ ያንጠለጠለ ሰው አብሮ ይወዛወዛል።

እራት ላይ ያሏት «ይኼ ሁሉ ፍጥረት ከየት መጣ?» የሚለውም የራሱ ታሪክ አለው። ዊልያም ፔሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1802 ፍጥረትን በእጅ ከተሠራ ሰዓት ጋር አመሳስሎ ሠሪ አለው ብሎ ነበር። በ1859 ዳርዊን መጣና ዓይንና ክንፍ በረጅም ዘመን እንዴት ቀስ በቀስ ሊገኙ እንደሚችሉ አሳየ። ልጅዎ ይህን በባዮሎጂ ተምራዋለች። ስለዚህ ከዓይንና ከክንፍ አይነሱ። ዛሬ ክርክሩ ወደ ተፈጥሮ ሕጎቹ ተዛውሯል። የኃይሎቹ መጠን በጥቂቱ ቢለይ ኮከብም ሕይወትም ባልኖረ ይላሉ አንዱ ወገን። ሌሎቹ ምናልባት ቁጥር የሌላቸው ዓለማት ይኖራሉ፤ እኛ የተገኘነው በምትመቸን ውስጥ ነው ይላሉ። ይህን እሷ ከእርስዎም ከእኔም በላይ ልታብራራው ትችላለች። ታስተምርዎት ዘንድ ይጠይቋት።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው የሕገ ልቡና ክርክር ይመስለኛል። ሕፃን ማሠቃየት ክፉ ነው ስንል «እኔ አልወደውም» ማለታችን ብቻ አይደለም። አገር ሁሉ ቢስማማበት፣ ዳኛም ባይኖር፣ ያው ክፉ ነው። ይህ ከሰው ስምምነት በላይ የሆነ ሕግ ታዲያ ከየት መጣ? ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈው በልብ ስለተጻፈ ሕግ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ሌሎቹን ክርክሮች አንድ በአንድ ተችቶ ሲያበቃ ወደ እግዚአብሔር የሚያደርስ መንገድ ያየው በዚሁ በግብረ ገብ በኩል ነው። ተቃዋሚዎች ደግሞ ሰው በኅብረት ካልኖረ ስለሚጠፋ ርኅራኄ በዝግመተ ለውጥ ያደገ ጠባይ ነው ይላሉ። እኔ ይህ መልስ ርኅራኄ እንዴት እንደመጣ የሚያስረዳ ይመስለኛል። ለምን ግዴታ እንደሚሆንብን ግን አላስረዳኝም።

ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ ልሂድ። «ጥያቄ አይደለም፣ ሐዘን ነው» ይላሉ። ግማሹን ያዩ ይመስለኛል። አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ያሳደገቻትን አያት፣ አጠገቧ የምትተኛውን፣ በስደት አገር የቀበረች ልጅ ያ ነገር ውስጧ አልቀረም ማለት አይቻልም። ግን እባክዎ ጥያቄዋን በሐዘኗ አያጥፉት። «አዝነሽ ነው እንዲህ የምትዪው» ማለት ከጡጫው የለሰለሰ ይመስላል እንጂ ያው ዝም በይ ማለት ነው። አዝናም ልትሆን ትችላለች፣ ጥያቄዋም የምር ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ለጥያቄዋ መልስ፣ ለሐዘኗ ጊዜ ይስጧት። አንዱን በሌላው አይተኩባት።

ምናልባት የክፋት ጥያቄ ወደፊት በስሙ ይመጣል። «እግዚአብሔር ካለ አያቴን ለምን ዝም አለ?» ልትልዎት ትችላለች። ለዚህም የታወቀ መልስ አለ። ጦርነቱን የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ መድኃኒቱም የተቋረጠው በሰው እጅ ነው፤ ፈቃድ የተሰጠው ፍጡር ፈቃዱን ለክፋት ሊያውለው ይችላል ይባላል። እንደ ክርክር ደካማ አይደለም። ግን ስኳር በሽታውንስ ማን ሠራው? ብትል እንደገና ይቸገራሉ። እኔ ብሆን በዚያ ሰዓት ክርክር አልጀምርም። «ለበጎ ነው» የሚለውንም አልናገርም።

ይህን የምለው ከራሴ አይደለም። መጽሐፈ ኢዮብን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ኢዮብ ሲጮህ፣ ሲከራከር፣ የተወለደበትን ቀን ሲረግም ይቆያል። ሦስቱ ወዳጆቹ ግን ለመከራው ሁሉ ምክንያት አላቸው፤ እግዚአብሔርን ይሟገቱለታል። በመጨረሻ የተቆጣው በማን ላይ ነው? በተሟገቱለት ላይ። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል። ጠያቂው ሳይሆን መልስ ያበዙት ናቸው ይቅርታ ያስፈለጋቸው። እኔን ይህ ቦታ ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል። እርስዎስ ልጅዎ ስትጠይቅዎት ከኢዮብና ከወዳጆቹ የማንን ቦታ የያዙ ይመስልዎታል?

ስለ ጠበሉ ባለቤትዎን ቅር ሳያሰኙ ቢነግሯቸው ጥሩ ነው። በፈቃዷ ልሂድ ካለች ትሂድ። «ይለቃታል» ተብሎ ከተወሰደች ግን ማሰቧ እንደ በሽታ እንደተቆጠረባት ነው የምትረዳው። ጠበሉንም እንድትጠላው ታደርጓታላችሁ።

አሁን ስለ እርስዎ። ደብዳቤዎ ውስጥ ልቤን የነካኝ የልጅዎ ጥያቄ አይደለም። ሌሊት ብቻዎን «ባይኖርስ?» ማለትዎ ነው። እዚህ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ላስታውስዎት። ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የሚባለው የግዕዝ ድርሰት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በሃይማኖት ጠብ ከአክሱም ሸሽቶ ተከዜ አካባቢ ዋሻ ውስጥ ስለተደበቀ ሰው ይተርካል። ሰውየው መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ይጸልያል። በመሐል ለመሆኑ ወደ ማን ነው የምጸልየው፤ የሚሰማኝ አምላክ አለን? ብሎ ያስባል፤ ከባድ ሐዘንም ይወድቅበታል። ከዚያ ማሰቡን ይቀጥላል። ራሴን አልፈጠርኩም፤ ሳልፈጠር አልነበርኩምና። ወላጆቼ ፈጠሩኝ ብል እነሱንስ? የእነሱንስ ወላጆች? እያለ ወደ ኋላ ሄዶ ሄዶ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ይደርሳል።

ድርሰቱ በእርግጥ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ይሁን፣ ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረው ጣሊያናዊ ሚሲዮን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ይጻፈው፣ ምሁራን ከመቶ ዓመት በላይ ተጨቃጭቀውበታል። ጭቅጭቁን ለእነሱ እንተወው። ለእርስዎ የሚጠቅምዎ ሰውየው የጠየቀበት ሁኔታ ነው። ተሰዶ፣ ፈርቶ፣ የሰውን ክፋት አይቶ ነው የጠየቀው። ሲጠይቅ ጸሎቱን አላቋረጠም። ሲጸልይም ጥያቄውን አላፈነም። ያቺ ከደሴ ሸሽታ ደብረ ብርሃን የገባች ልጅም፣ አባቷም፣ ይህን ሰው ሳይረዱት የሚቀሩ አይመስለኝም።

ደግሞ ከክርክር የማይገኝ ነገር ከክርክር አይጠብቁ። ፓስካል የሚባል ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ነበር። አባቱ የግብር ሹም ስለነበር ድካሙን ለማቅለል ብሎ የመደመሪያ መሣሪያ የሠራለት ነው። የሥራ ባልደረባዎ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1654 ሌሊት አንድ ነገር ገጠመውና በወረቀት ጻፈው። የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ፤ የፈላስፎችና የሊቃውንት ያይደለ የሚል አለበት። ሲሞት ወረቀቱ ልብሱ ውስጥ ተሰፍቶ ተገኘ። ከላይ ያወራናቸው ክርክሮች መኖርን ያልተበደረ አንድ መነሻ ዘንድ ቢያደርሱ ነው። እናትዎ በስማቸው እየጠሩ የለመኑት ቅዱሳን፣ ያነቡት ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያ ክርክር የመጣ አይደለም። እርስዎም በልጅነትዎ ቅዳሴ የቆሙት ክርክር አሸንፈው አይደለም። ስለዚህ በስልክዎ ላይ አንድ ክርክር በፈረሰ ቁጥር ያ ሁሉ አብሮ የፈረሰ አይምሰልዎት። ሌሊት ሌሊት ያን ስልክ መክፈቱን ግን ይተዉት። እንቅልፍ ያጣ ሰው የቆመውንም የወደቀ አድርጎ ነው የሚያየው። ማንበብ ከፈለጉ በቀን ያንብቡ።

ለንስሐ አባትዎም ይንገሯቸው። እኚህ አባት ይቆጡኛል ብለው የሚፈሩ ከሆነ ሀልዎተ እግዚአብሔርን ያስተማሩ፣ ጥያቄ የማያስደነግጣቸው መምህር ይፈልጉ። ለባለቤትዎም ቢሆን ቢያንስ እንቅልፍ እንዳጡ ይንገሯቸው። አብሮዎት የሚተኛ ሰው ሳያውቅ የቀረ ይመስልዎታል?

ከይቅርታው በኋላ ለልጅዎ አንድ ሐሳብ ያቅርቡላት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እየተፈላ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ተቀመጡ። አንድ ጊዜ እርስዎ ራስልን ሆነው ይከራከሩ፣ እሷ ኮፕልስተንን ትሁን። በሚቀጥለው ተለዋወጡ። «አላውቅም» ማለት ይፈቀድ። ድምፅ ከፍ ካለ ለሳምንት ይደር። ትንሹ ልጅዎም ጥግ ይዞ መስማት ከፈለገ ይስማ። የአባቱን ጡጫ ያየ ልጅ የአባቱን ትዕግሥት ቢያይ ደግ ነው። ወሩ የፈተና ዝግጅት ከሆነባት ግን ቡናውን ብቻ ጠጡ፤ ክርክሩ አይሸሽም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነይ ብለው አያስገድዷት። «እንሄዳለን፣ ከፈለግሽ ነይ» ማለት ይበቃል። ጾሟን ደግሞ በጭራሽ እንዳያነሱባት። «ካላመንሽ ለምን ትጾሚያለሽ?» የሚል ቀልድ ከአፍዎ ቢያመልጥዎ ይቆጭዎታል። ለእናቷም ይሁን፣ ለአያቷም ይሁን፣ ራሷም የማታውቀው ምክንያት ይሁን፣ የእሷ ነው። ይተዉላት።

የእናትዎን መቃብር ከዚያ ወዲህ አይታው ታውቃለች? ካላየችው ፈተናው ሲያልቅ፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ፣ ሁለታችሁ ብቻ ብትሄዱ ምን ይመስልዎታል? በመንገድ ላይ ስለ እግዚአብሔር ካላነሳች እርስዎም አያንሱ። ስለ አያቷ ይጠይቋት። ማታ ማታ አብረው ተኝተው ምን ያወሩ እንደነበር እርስዎ አያውቁም፤ እሷ ናት የምታውቀው።

ከዚያ ደግሞ ይጻፉልን። በተለይ ራስልን ሆነው ሲከራከሩ ምን ብላ እንደመለሰችልዎት መስማት እፈልጋለሁ።